ፔሮል ላይ የሌሉት የድሬ ሴቶች

በድሬዳዋ የቡና መጋዘኖች ለቀማ የሚጀመረው ፀሐይ ሳትበረታ ነው። ሴቶቹ ሻሻቸውን ከአቧራው እንዲከላከልላቸው እስከ አፍንጫቸው ጠምጥመው በተርታ ይቀመጣሉ። ከፊታቸው የተዘረገፈው የሐረርጌ ቡና ነው፤ ከነፍሬው ፀሐይ ላይ ደርቆ የተፈለፈለ፣ ያልታጠበ ቡና። ጣታቸው ክምሩ ላይ ሲሮጥ ዐይን አይከተለውም። ጥቁሩ፣ የተሰበረው፣ ነቀዝ የበላው፣ ጠጠሩና ገለባው ወደ አንድ ጎን ይጣላል፤ ጤነኛው ፍሬ ወደ ሌላው። ክፍያው በለቀሙት ልክ ነው። ቡና ሲገባ ሥራ አለ፤ ቡና ሲጠፋ የለም። የሐረር ቡና በዓለም ገበያ በራሱ ስም ተጠርቶ ይሸጣል፤ ገዢው የሚከፍለው ደግሞ ለጣዕሙ ብቻ አይደለም፤ ጆንያው ውስጥ ጠጠርና የበሰበሰ ፍሬ እንዳይኖርም ነው። ያን የሚያደርጉት እነዚህ እጆች ናቸው። ለአገር የውጭ ምንዛሪ የሚያስገኘውን ምርት ለገበያ የሚያበቁት ሴቶች ግን ብዙዎቹ ሃያና ሠላሳ ዓመት ለቅመው ጉልበታቸው ሲደክም፣ ሠራተኛ እንደነበሩ የምታስረዳ አንዲት ወረቀት ሳይዙ ወደ ቤታቸው ይገባሉ።

ይህ የአንድ መጋዘን ወይም የአንድ ነጋዴ ጥፋት ቢሆን ኖሮ ነገሩ በመንግሥት የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ያልቅ ነበር። ችግሩ ከዚያ ይሰፋል። በኢትዮጵያ የእርጅና ጡረታ፣ የወሊድ ፈቃድ፣ የሕፃናት ማቆያ፣ የሥራ ላይ ጉዳት ካሳ ሁሉም የተሰቀሉት ፔሮል በሚባል አንድ ምስማር ላይ ነው። ስሙ ፔሮል ላይ የወጣ ሰው ሠርቷል ይባላል፤ ያልወጣው ደግሞ ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ እኩለ ሌሊት ቢተኛም «ሥራ የለውም» ይባላል። ሕጎቻችን በፊደላቸው ለሴትም ለወንድም እኩል ናቸው። ምስማሩ የተመታበት ቦታ ግን የወንዶች ቁመት ያህል ነው። ስለዚህ «ሴቶች በማኅበራዊ ዋስትና ለምን ወደ ኋላ ቀሩ?» ብሎ ሴቶቹን ከመመርመር ይልቅ፣ ዋስትናው ለምን ከሥራው ጋር ሳይሆን ከቅጥሩ ጋር ታሰረ ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ድሬዳዋ ይህን ለማየት ከማንኛውም ከተማ ትመቻለች፤ ምክንያቱም የተወለደችው ከነፔሮሏ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ እዚህ ደረሰ፤ አዲስ አበባ እስኪገባ ሌላ አሥራ አምስት ዓመት ፈጀበት። ለገሃሩን (ባቡር ጣቢያውን) ተከትሎ ከዚራ የተባለችው ሰፈር በቀጥታ መንገዶቿና በዛፎቿ ጥላ ለባቡር ሰዎች ተቀየሰች፤ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ደግሞ መጋላ በገበያዋ ደራች። ባቡሩ የቀጠረው ወንድ ነበር፤ ነጂውም፣ መካኒኩም፣ ትኬት ቆራጩም፣ ጸሐፊውም። በአገሪቱ ከመጀመሪያዎቹ የሠራተኛ ማኅበራት አንዱ የተቋቋመው እዚሁ ከተማ፣ በእነዚሁ የባቡር ሠራተኞች፣ ከጣሊያን ወረራ በኋላ በነበሩት ዓመታት ነው። ጥጥ ማኅበርና ሲሚንቶ ፋብሪካውም ነበሩ። ከተማዋ «የሠራተኛ ከተማ» የሚል ስም ያወጣችው በዚህ ነው። ነገር ግን በዚያው ዘመን ሌላ ከተማም ነበረ። ከሺኒሌ በኩል የግመል ወተት ይዘው የሚገቡት የሶማሌ ሴቶች፣ ከዙሪያው ገጠር እንጨትና አትክልት ተሸክመው የሚወርዱት የኦሮሞ ሴቶች፣ በቀፊራና በአሸዋ ገበያ ጉሊት የዘረጉት፣ ሳምቡሳና ባጊያ የሚጠብሱት፣ ጫት የሚሸጡት፣ ባቡሩ ላይ ተሳፍረው ከጅቡቲ ጨርቅና ሽቶ የሚያመላልሱት። የመጨረሻዎቹን አንዱ ነጋዴ ይላቸዋል፤ ሌላው ኮንትሮባንዲስት ይላቸዋል፤ የትኛውም መዝገብ ግን ሠራተኛ ብሏቸው አያውቅም። የድሮው ባቡር ተዳክሞ ሲቆም ብዙ ቤት ያልፈረሰው ደግሞ በእነሱ ጓዝ ነው።

ሕጉ የተከተለው የመጀመሪያውን ከተማ ነው። የመጀመሪያው የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ፣ ቁጥር 209፣ በ1955 ዓ.ም. ወጣ። የግል ድርጅት ሠራተኞች ተመሳሳይ አገር አቀፍ ሕግ ለማግኘት እስከ 2003 ዓ.ም.፣ ማለትም 48 ዓመት ጠበቁ፤ ያኔ አዋጅ 715 ታወጀ። የሁለቱም ዘርፎች ሕጎች በ2014 ዓ.ም. በአዲስ ተተኩ፤ የግሉ ዘርፍ ሕግ አሁን አዋጅ 1268 ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ፤ ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ ሰው 60 ሲሞላው ዕድሜ ልኩን ጡረታ ይቀበላል። ለጉሊት ነጋዴዋም በር አልተዘጋም፤ ኢመደበኛ በሚባለው ዘርፍ ያሉ ሰዎች በፈቃዳቸው መግባት እንደሚችሉ በ2003ቱ አዋጅ ላይ ሰፍሮ ነበር። ነገር ግን ቲማቲም የምትሸጥ ሴት አሠሪ የላትም። የአሠሪውን 11 በመቶ ማን ይሞላላታል? ደመወዝ ከሌላት በመቶኛው የሚሰላው ከምን ላይ ነው? ፈቃደኝነት እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች እስኪመለሱ ድረስ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

እዚህ ላይ «ሥራ» የምንለውን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በ2005 ዓ.ም. ሰው ከ24 ሰዓቱ ስንቱን በምን እንደሚያሳልፍ የሚመዘግብ የጊዜ አጠቃቀም ጥናት በአገር አቀፍ ደረጃ አካሂዶ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ለኢትዮጵያ በያዘው አሃዝ መሠረት ዕድሜያቸው 10 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሴቶች ከቀናቸው 19.3 በመቶውን ክፍያ በሌለው የቤትና የእንክብካቤ ሥራ ያውላሉ፤ ወንዶች 6.6 በመቶውን። ወደ ሰዓት ሲመነዘር የሴቷ አራት ሰዓት ከ38 ደቂቃ ይሆናል፤ የወንዱ አንድ ሰዓት ከ35 ደቂቃ። ልዩነቱ በቀን ሦስት ሰዓት ነው ሲባል ብዙ ላይመስል ይችላል። በዓመት ግን ከ1,100 ሰዓት ያልፋል፤ በስምንት ሰዓት የሥራ ቀን ቢቆጠር 139 ቀን ነው። ሌላም ስሌት አለ። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ከፍተኛውን መደበኛ የሥራ ጊዜ በሳምንት 48 ሰዓት ላይ ወስኗል። አንዲት ሴት በዚያ አማካይ ለ30 ዓመት ቤቷን ብታስተዳድር፣ በ48 ሰዓቱ ሚዛን የሠራችው ከ20 ዓመት የሙሉ ጊዜ አገልግሎት ይበልጣል። ለጡረታ የሚፈለገው ትንሹ 10 ዓመት ነው፤ እሷ እጥፉን ሞልታለች። ይህ ደግሞ ጉሊቷን፣ ለቀማዋን፣ የሰው ቤት ልብስ አጠባዋን ሳንጨምር ነው፤ አማካዩም የአሥር ዓመት ልጃገረዶችን ጭምር የያዘ በመሆኑ የአዋቂዋ ድርሻ ከዚህ ሳይበልጥ አይቀርም። ቧንቧው ውሃ በፈረቃ በሚያመጣበት ሰፈር፣ ሌሊት ተነሥቶ ጄሪካን መሙላት የማን ተራ እንደሆነ ለድሬ ሰው መንገር አያስፈልግም።

የኢኮኖሚ ሒሳብ አያያዙም ከዚህ የራቀ አይደለም። አገሮች የአገር ውስጥ ምርታቸውን የሚያሰሉበት ዓለም አቀፍ ደንብ ውሃ ቀድቶ ማምጣትንና ማገዶ መልቀምን እንደ ምርት ይቆጥራል፤ በዚያው ውሃና በዚያው ማገዶ ለቤተሰብ ወጥ መሥራትን ግን አይቆጥርም። ወጡ ለመንገደኛ ከተሸጠ ይቆጠራል። የኒውዚላንዷ ጸሐፊ ማሪሊን ዌሪንግ ይህን አስገራሚ ድንበር እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመችው መጽሐፍ በሰፊው ተችታዋለች፤ በ2013 ደግሞ የዓለም የሥራ ስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ጉባኤ ለራስ ቤት የሚሠራ አገልግሎትም «ሥራ» መሆኑን በውሳኔው አጽድቋል። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ዘገባ በዓለም ዙሪያ በየቀኑ 16.4 ቢሊዮን ሰዓት ያልተከፈለበት የእንክብካቤ ሥራ እንደሚሠራ፣ ከዚህም 76.2 በመቶው የሴቶች እንደሆነ አስቀምጧል። የእኛ ከተማ ይህን ድንበር በአንድ መጥረጊያ ታሳያለች። የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. ሲጀመር ድሬዳዋ ከመጀመሪያዎቹ 11 ከተሞች አንዷ ነበረች። መንገድ የሚጠርጉት፣ ቦይ የሚከፍቱትና ችግኝ የሚያጠጡት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ያቺው ሴት ጠዋት ግቢዋን ስትጠርግ ሥራ የላትም፤ ከአጥሩ ወጥታ አስፋልቱን ስትጠርግ ሠራተኛ ናት። ሴፍቲኔቱን ማጣጣሌ አይደለም፤ ጥቂት ብር ቢሆንም በስሟ የሚገባ ገንዘብ ነው፤ ከእሱ ላይ መቆጠብም ግዴታ ነው፤ አቅም የሌላቸውም ያለ ሥራ ቀጥታ ድጋፍ ያገኙበታል። ሁለተኛው ምዕራፍ ተንቀሳቃሽ የሕፃናት ማቆያዎችን ማካተቱም መልካም ነው። ነገር ግን ከዓመታት በኋላ «ተመረቃችሁ» ተብለው ሲወጡ በጡረታ መዝገብ ላይ የሚቀርላቸው አገልግሎት የለም።

«የቤት ሥራን በገንዘብ መመዘን አይቻልም፤ ፍቅር ነው፤ የእናትነት ወግ ነው» የሚለው ተቃውሞ በጣም የተለመደው ነው፤ ከልብ የሚናገሩትም ብዙ ናቸው። ለዚህ መልሱ ከፈረንጅ አገር አይመጣም፤ ድሬዳዋ ላይ በየቀኑ የሚሠራበት ሕግ ውስጥ አለ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ 213፣ በቀጥታ ተፈጻሚ የሚሆነው ለፌዴራሉ መንግሥት ተጠሪ በሆኑት በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው፤ ክልሎች የራሳቸው አላቸው። በዚህ ሕግ ባልና ሚስት በትዳር ዘመናቸው ያፈሩት ሀብት የጋራ ነው፤ ሲፋቱ በመርሑ እኩል ይካፈሉታል። ዳኛው «ደመወዙን ማን አመጣ?» ብሎ አይጠይቅም። ሃያ ዓመት ባቡር ጣቢያ የሠራው ባልና ሃያ ዓመት ማጀት የዋለችው ሚስት፣ ከዚራ በሠሩት ቤት ላይ ግማሽ ግማሽ አላቸው። ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት ቢያንስ ሦስት ዓመት አብረው ለኖሩትም ሕጉ የጋራ ሀብትን ያውቅላቸዋል። (ሁለቱም ወገኖች ተስማምተው በአዋጅ 188 ወደተጠናከሩት የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ከሄዱ ጉዳያቸው በዚያ ሕግ ይታያል፤ እሱ ራሱን የቻለ ርዕስ ነው።) እንግዲህ ሕግ አውጪው የቤት ሥራን ዋጋ መገመት አያውቅበትም ማለት አንችልም። ያውቅበታል፤ ግማሽ ነው ብሎ ገምቶታል። ግምቱን የሚያወጣው ግን ትዳር ሲፈርስ ብቻ ነው። ትዳሯን አክብራ እስከ እርጅና የኖረች ሴት ያው ሥራዋ ጡረታ ቢሮ በር ላይ ሲደርስ ዜሮ ይሆናል። አንዱን ሥራ የቤተሰብ ሕጉ ግማሽ፣ የጡረታ ሕጉ ዜሮ ሲለው፣ የተሳሳተው ሁለተኛው ይመስለኛል።

«ባሏ ሲሞት ግማሹ ጡረታ ይደርሳታል» ይባል ይሆናል። እውነት ነው፤ ለሚስት የሚከፈለው የተተኪ አበል ከሟቹ ጡረታ 50 በመቶ ነው። ይህ ግን ባልየው ፔሮል ላይ ለነበረ ቤት ነው። ባሏ ባጃጅ ነጂ፣ የጫት ደላላ፣ ጫኝና አውራጅ ለሆነባት የገንደ ቆሬ ሰፈር ሴት የሚተላለፍ ነገር የለም፤ ያላገባችውና የፈታችውም እንደዚያው። ከሁሉ በላይ መብቱ የሚመጣው በሞተ ሰው ስም ነው እንጂ በሠራችው ሥራ አይደለም። በእናትነት ጉዳይም ምስማሩ ያው ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156 ለወላድ ሠራተኛ 30 ቀን ከወሊድ በፊት፣ 90 ቀን በኋላ፣ ሙሉ ደመወዝ ያለው ፈቃድ ይሰጣል፤ ለአባት ሦስት ቀን። ሕጉ ሕፃኑን ማን እንደሚይዝ በቁጥር ነግሮናል፤ 120 ለ3። ክፍያውንም የሚሸፍነው ከጋራ ፈንድ ሳይሆን ከአሠሪው ኪስ በመሆኑ፣ ወጣት ሴት ለመቅጠር የሚያመነታ ሥራ አስኪያጅ ሰበብ አያጣም። አሠሪ የሌላት ደግሞ ሕፃኗን አዝላ ወደ ጉሊቷ የምትመለሰው ሰውነቷ ሳይጠና፣ ዕቁቧ እንዳይቃጠልባት ስትል ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ አዟል፤ ደግ አድርጓል። ቀፊራ ላይ በድንኳን ጥላ ሥር፣ በሽንኩርት ጆንያዎች መሐል ለሚተኙት ሕፃናት ግን የታዘዘ መሥሪያ ቤት የለም።

የቤት ሠራተኛዋ ጉዳይ የባሰውን ያሳያል። ሥራዋ ደመወዝ አለው፤ አሠሪም አላት፤ ታዲያ ምን ጎደላት? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ለትርፍ ያልሆነን የግል አገልግሎት ከራሱ ወሰን አውጥቶ፣ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ይወሰን ብሎ ነው ያለፈው። የጡረታ ሕጉም የሚናገረው ስለ ድርጅት ነው፤ ቤተሰብ ደግሞ ድርጅት አይደለም። የቀራት በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ከአሠሪያቸው ጋር ስለሚኖሩ አገልጋዮች የተጻፉት ጥቂት አንቀጾች ናቸው፤ ስልሳ ዓመት አልፏቸዋል። አሁን ከዚያችው ሰፈር ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ለመሄድ የምትመዘገበውን እህቷን ተመልከቱ። ለእሷ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ፣ ቁጥር 923፣ አለላት፤ በ2008 ዓ.ም. ወጥቶ በ2013 ዓ.ም. ተሻሽሏል። በሕጉ መሠረት በሁለቱ መንግሥታት መካከል ስምምነት ያስፈልጋል፤ የጽሑፍ ውል ያስፈልጋል፤ ኢንሹራንስም እንዲገባላት ይጠይቃል። አፈጻጸሙ ስንቷን እንዳስለቀሰ የማይታወቅ አይደለም፤ ቢያንስ ግን ወረቀቱ አለ። ያንኑ ልብስ ለማጠብ፣ ያንኑ ሕፃን ለማዘል ከሐረርጌ ገጠር ከዚራ የምትገባዋ ልጅ ግን ውሏ በደላላው አፍ የሚቀር ቃል ነው። መንግሥት የዜጋውን ሥራ ድንበር ሲሻገር ሥራ ብሎ፣ እዚሁ ሲሆን የቤት ጉዳይ ካለው፣ «የቤት ሥራ በሕግ ሊገዛ አይችልም» የሚለው ክርክር በራሱ እጅ ወድቋል።

ደመወዝ ያላቸውም ቢሆኑ ሥራቸው የሚመዘንበት ሚዛን ጎደሎ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 ሴት ሠራተኛ ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ እንድታገኝ ደንግጓል። መጋዘን ውስጥ ግን ጆንያ የሚሸከመው ወንድ፣ ቡና የምትለቅመው ሴት ናቸው፤ ተመሳሳይ ሥራ የላቸውምና ድንጋጌው የሚነካው ነገር አያገኝም። ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 100 ግን አንድ እርምጃ ያልፋል፤ የሥራው ዓይነት ቢለያይም ዋጋው እኩል ከሆነ ክፍያው እኩል ይሁን ይላል። ይህን ለመፈጸም ሥራዎችን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ መመዘን ይጠይቃል፤ ጉልበት ብቻ ሳይሆን የዐይን ጥራት፣ የእጅ ፍጥነት፣ አቧራ ውስጥ መዋል፣ ስህተት የሚያመጣው ኪሳራ። «የሴት እጅ ለለቀማ የተፈጠረ ነው» ሲባል ምስጋና ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ቅናሽ ነው፤ በተፈጥሮ የተሰጠ ነገር ሙያ ተብሎ ስለማይከፈልበት። ስፌት ማሽን ላይም ያው ነው። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች እ.ኤ.አ. በ2019 በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ላይ ባወጡት ዘገባ የልብስ ሰፊዎች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር እንደነበር ጽፈዋል፤ ከዋና ዋና ልብስ አምራች አገሮች ሁሉ ያነሰ ነበር። ለግሉ ዘርፍ የተቆረጠ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል አልነበረም፤ አዋጅ 1156 የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ቢናገርም። በ2014 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የድሬዳዋ ነፃ የንግድ ቀጠናም ወጣት ሴቶችን ይቀጥራል ሲባል፣ ፔሮል ላይ መውጣት አንድ ነገር መሆኑን፣ ፔሮሉ የሚያኖር መሆኑ ደግሞ ሌላ ነገር መሆኑን ከሐዋሳ መማር ይገባል።

ሁለተኛው ከባድ ተቃውሞ የገንዘብ ነው። «ደሃ አገር ለሁሉም አሮጊት ጡረታ ከየት አምጥታ ትከፍላለች?» ሕገ መንግሥቱም ራሱ በአንቀጽ 90 ማኅበራዊ ዋስትናን የአገር አቅም በፈቀደ መጠን ነው ያለው። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ሆኖም ሀብታም እስክንሆን መጠበቅ አለብን ማለት አይደለም። ዛንዚባር እ.ኤ.አ. በ2016 ዕድሜያቸው 70 ለሞላ ነዋሪዎች ሁሉ፣ ተቀጥረው ይሁን ሳይቀጠሩ ሳይጠየቁ፣ በወር 20,000 የታንዛኒያ ሽልንግ መክፈል ጀመረች። ትንሽ ገንዘብ ናት፤ ግን በአሮጊቷ ስም ትመጣለች። ሌሴቶ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ተመሳሳይ ነገር አላት። ዑራጓይ በሌላ መንገድ ሄደች፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣችው ሕግ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ የአገልግሎት ዓመት፣ እስከ አምስት ዓመት ድረስ፣ ለእናቲቱ የጡረታ ዘመን ትቆጥርላታለች። እኛ ዘንድም ቢሆን ደመወዝ ከሌለው ሰው መዋጮ መሰብሰብ አይቻልም የሚለው ከእንግዲህ አያስኬድም፤ በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የሚኖረው በገበሬና በጉሊት ነጋዴ መዋጮ፣ በላዩ ላይ መንግሥት በሚጨምረው ድጎማ ነው። የጎደለው ያን አሠራር ወደ ጡረታ መውሰድ ነው፤ እሷ በወር የምትችለውን ታዋጣለች፤ አሠሪ ሊከፍል የነበረውን በከፊል መንግሥት ይሞላል።

«አፎቻና ዕድሩ አለ አይደለም ወይ?» የሚሉም አሉ። አለ፤ ድንቅ ነገርም ነው። አፎቻ የሚባለው መረዳጃ ማኅበር በሐረርም በድሬም የሴቶቹ ከወንዶቹ የተለየ ነው፤ ሠርግ ሲሆን ይደግሳሉ፤ ሐዘን ሲሆን ያስተዛዝናሉ፤ ሶማሌዎቹ በሐግባድ፣ ሌሎቹ በዕቁብ ገንዘብ ያዞራሉ። ነገር ግን አፎቻ ለቀብርና ለሠርግ እንጂ ለሃያ ዓመት እርጅና አልተሠራም፤ ዕቁብም ጉልበት ያለው ሰው የሚገባበት ነው። ደግሞም ደሃ ለደሃ ሲያዋጣ ከሀብታም ወደ ደሃ የሚሻገር ነገር የለም። ይልቅ አፎቻዎቹ ለመዋጮ መሰብሰቢያና ለምዝገባ የታመኑ በሮች መሆን ይችላሉ። ማን የት እንደምትሠራ፣ ማን እንደታመመች ከቀበሌው ይልቅ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ከሴቶች መብት ተሟጋቾች የሚነሣ ሌላ ሥጋት አለ፤ የቤት ሥራ ዋጋ ከተቆረጠለት ሴቷን እዚያው ማጀት ይቸነክራታል የሚል። ለማጀት ደመወዝ ይከፈል ቢባል እኔም እሠጋለሁ። ጡረታን ከነዋሪነትና ከልጅ ማሳደግ ጋር ማያያዝ ግን ያለፈን ሥራ መመዝገብ ነው፤ የነገን ሥራ መመደብ አይደለም። ቀድሞ መምጣት ያለበት የገበያ ውስጥ ሕፃናት ማቆያ ነው፤ ውሃ፣ ጥላና ጠባቂ ያለው አንድ ክፍል። ድሬዳዋ በ1996 ዓ.ም. ቻርተሯ የራሷ ምክር ቤትና በጀት ያላት ከተማ ናት፤ ይህን ለማድረግ የፌዴራል አዋጅ መጠበቅ አያስፈልጋትም።

የሚያስቸግረው የሴቶቹ ድምፅ በየት በኩል ይግባ የሚለው ነው። የባቡር ሠራተኞቹ ማኅበር ሊያቆሙት የሚችሉት ባቡር ነበራቸው። ሕንድ ውስጥ ኤላ ባት እ.ኤ.አ. በ1972 በአሕመዳባድ የጉሊት ነጋዴዎችን፣ ተሸካሚዎችንና ቤታቸው ሆነው የሚሠሩ ሴቶችን በሠራተኛ ማኅበር ልታደራጅ ስትሞክር፣ የሥራ ጉዳይ ቢሮው «አሠሪ በሌለበት ከማን ጋር ልትታገሉ ነው?» ብሎ ምዝገባውን ተቃወመ። እሷም ማኅበር የሚቋቋመው በአሠሪ ላይ ለመነሣት ብቻ ሳይሆን ሠራተኞች አንድ እንዲሆኑም ነው ብላ ተከራክራ አስመዘገበችው፤ ዛሬ አባላቱ በሚሊዮን ይቆጠራሉ። የእኛው አዋጅ 1156 አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም ይፈቅዳል፤ ከአሥር በታች ያሉባቸው ደግሞ ተሰባስበው ጠቅላላ ማኅበር መመሥረት ይችላሉ። ለጉሊት ነጋዴዋ ይህ በር ጠባብ ነው፤ እሷን ሠራተኛ ብሎ የሚጠራ ሕግ ገና መጻፍ አለበት። አንድ የቡና መጋዘን ውስጥ በተርታ የሚቀመጡት ለቃሚዎች ግን ከአሥር ይበልጣሉ፤ የሚከፍላቸውም ሰው ይታወቃል። በለቀማ ወቅት አንድ ሳምንት እጃቸውን ቢሰበስቡ ጅቡቲ ላይ የሚጠበቀው ኮንቴይነር አይሞላም።